በበረዶ ወቅት በብስክሌት ሥራ ከመሄድ በፊት የአየር ትንበያን እንዴት እናንብብ?

ስልኬ 2 ዲግሪ ይላል። ከዜሮ በላይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ምልክቱም ደስ የምትል ቢጫ ፀሐይ ናት። ጓንቴን አጥልቄ ወጣሁ። አሥር ደቂቃ ያህል እንደነዳሁ መንገዱ ትንሽ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ግራ ይታጠፋል። እዚያ ስደርስ የፊት ጎማው ከሥሬ ሸሸ። ፍሬን አልያዝኩም፣ አልፈጠንኩም። በጎኔ ተንሸራትቼ የድልድዩ ብረት አጥር ላይ ቆምኩ። ተነስቼ አስፋልቱን በጓንቴ ስዳብሰው መስታወት ሆኗል። ትንበያው አልዋሸኝም፤ አየሩ እውነትም 2 ዲግሪ ነበር። የአየሩን ቁጥር የመንገዱ ቁጥር አድርጌ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ትንበያ ላይ የምናየው ሙቀት ከመሬት 2 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ያለው አየር ሙቀት ነው። ጎማ የሚነካው ደግሞ መሬቱን ነው። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ በብዙ ዲግሪ ሊቀዘቅዝ ይችላል። አየሩ 2 ወይም 3 እያለ አስፋልቱ ከዜሮ በታች መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ብዙ መኪኖች 3 ወይም 4 ዲግሪ ላይ የበረዶ ማስጠንቀቂያ መብራት የሚያበሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ድልድይ ደግሞ ከላይም ከታችም አየር ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ በረዶ ይጋገርበታል። እንግዲህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያደርጉት አንድ ሥራ ነው፦ ከአየሩ ቁጥር ተነስቶ መሬቱን መገመት።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላት ትንሽ። "ክረምት" ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ዝናብና ጭቃ ይሄዳል፤ እኔ የማወራው ሙቀቱ ዜሮ አካባቢና ከዚያ በታች ስለሚሆንበት የብርድ ወቅት ነው። "በረዶ" የሚለው ቃልም ያስቸግራል። እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ መንገድ ላይ የሚጋገረውንም በረዶ ነው የምንለው። ለብስክሌተኛ ግን ሦስቱ ለየቅል ናቸው። ስለዚህ እንደ ጥጥ የሚረግፈውን ስኖው፣ መሬት ላይ ያለ ውሃ ጠጥሮ የሚሠራውን ግግር፣ ሌሊት ሣርና የመኪና መስታወት ላይ የሚነጣውን ደግሞ አመዳይ እያልኩ እቀጥላለሁ።

1. ማታ የሰዓት በሰዓቱን ገጽ ክፈቱ

"ነገ ከፍተኛ 5፣ ዝቅተኛ −2" የሚለውን የዕለት ማጠቃለያ ተዉት። 5 የሚሆነው ከሰዓት በኋላ እናንተ ሥራ ቦታ ተቀምጣችሁ ሳለ ነው። −2 የሚሆነው ደግሞ ልክ በምትወጡበት ሰዓት አካባቢ። ጥርት ባለ ሌሊት ብርዱ የሚበረታው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ፀሐይ ልትወጣ ስትል ወይም ከወጣች ጥቂት ቆይቶ ነው፤ በብርድ ወቅት ደግሞ ፀሐይዋ ዘግይታ ስለምትወጣ ይህ ሰዓት ከሥራ መሄጃ ጋር ይገጥማል።

የሰዓት ነገር ከተነሳ፦ ስልኩ 07:00 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ግን በእንቅልፍ ዓይን 01:00 የሚለውን ዓምድ የጠዋት አንድ ሰዓት አድርጌ አንብቤ አውቃለሁ፤ የሌሊት 7 ሰዓት ዝናብ አስፈርቶኝ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

የት እንይ? አንደኛ የምትኖሩበት አገር የሜትሮሎጂ ተቋም ገጽ ላይ፣ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው እሱ ነው። በብዙ አገር ማስጠንቀቂያው በቀለም ነው፤ ቢጫ ተጠንቀቁ፣ ብርቱካናማ አደጋ አለ፣ ቀይ ከቤት አትውጡ እንደማለት። ሁለተኛ፣ ከሌላ ሞዴል፣ ማለትም የአየሩን ሁኔታ ከሚያሰላ ሌላ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የሚቀዳ አንድ ገጽ ጨምሩ። የኖርዌዩ ዪር (Yr) ወይም ብዙ ሞዴል ጎን ለጎን የሚያሳየው ዊንዲ ለዚህ ይመቻሉ። ስልክ ላይ ያሉ አምስት አፖች አምስት ምስክሮች እንዳይመስሏችሁ። ብዙዎቹ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ወይ ከአውሮፓው ሞዴል፣ ወይ ጂ.ኤፍ.ኤስ. ከሚባለው የአሜሪካ ሞዴል። ሁለቱ ሞዴሎች ከተስማሙ በእርጋታ ተኙ። አንዱ +1 ዝናብ፣ ሌላው −1 ስኖው ካሉ ግን የሚበጀው ለከፋው መዘጋጀት ነው።

እነዚህ ትልልቅ ሞዴሎች ዓለምን በየ10 ኪሎ ሜትሩ ገደማ በሚከፋፍል መረብ ነው የሚያዩት። በእናንተ መንገድ ላይ ያለውን ወንዝ ዳር፣ ጥላ የሚውልበትን ግንብ ሥር፣ ከዛፎቹ መሃል ያለችውን ጠመዝማዛ አያውቋትም። እሷን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ስለዚህ ጉብታው ላይ ካለው ሰፈር ይልቅ ሸለቆው ውስጥ ያለው መንገድ ይበልጥ ይበርዳል። ነፋስና ደመና ባለበት ቀን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እየቀዘቀዘ ይሄዳል።

2. ወደ ኋላ ተመልከቱ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ደረጃ ነው። ትንበያ ነገን ይነግረናል፤ መንገድ ላይ ያለው ውሃ ግን የትናንት ነው። ግግር እንዲፈጠር ብርድ ብቻ አይበቃም፣ ውሃም ያስፈልጋል። ስለዚህ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ባለፉት 24 ሰዓታት መሬቱን ምን እንዳረጠበው ጠይቁ።

ዘንቦ ነበር ወይ? ዘንቦ ከሆነስ ከቆመ በኋላ መንገዱ የሚደርቅበት ጊዜ አግኝቷል? ስኖው ወርዶ ነበር? ቀን ላይ ፀሐይ አቅልጣው መንገድ ዳር ከተቆለለው ክምር ውሃ እየወረደ ነበር? ይህ የመጨረሻው ተንኮለኛ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጠብታ ባይወርድም ቀን +3 ሌሊት −3 እየተፈራረቀ በየቀኑ ከክምሩ ሥር አዲስ ውሃ ይፈስሳል፣ በየሌሊቱም ይጋገራል። ትንበያው "ደረቅ" ብሎ ይጽፋል፤ እውነቱንም ነው፣ ከሰማይ ምንም አልወረደም።

ሁለት ማለዳዎችን ላነጻጽርላችሁ። በመጀመሪያው ማለዳ ሙቀቱ −6 ነው፤ አራት ቀን ሙሉ ምንም አልወረደም፣ መንገዱም ግግር እንዲያቀልጥ የተበተነ፣ ነጭ አቧራ የመሰለ ጨው እንጂ እርጥበት የለውም። በሁለተኛው +1 ነው፤ ማታ ካፍቶ ቆሟል፣ ከዚያ ሰማዩ ጠርቷል። አፑ ለመጀመሪያው የሚንቀጠቀጥ ሰው ሥዕል፣ ለሁለተኛው ፀሐይ ያሳያችኋል። እኔ በመጀመሪያው ቀን ያለ ሐሳብ እነዳለሁ። በሁለተኛው ቀን ድልድዩን አልረሳም።

3. የመሬቱን ሙቀት ገምቱ

እዚህ አራት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ ሙቀት፣ የጤዛ ነጥብ፣ የደመና መጠን በመቶኛ፣ የነፋስ ፍጥነት። የጤዛ ነጥብ ብዙ አፖች ላይ ወደ ታች ሲወርዱ "ዝርዝር" ውስጥ የተደበቀ ነው፤ ፈልጋችሁ አውጡት። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ አየሩ እስከዚያ ዲግሪ ከቀዘቀዘ የያዘውን እርጥበት መልቀቅ ይጀምራል። መሬቱ ከዚያ ነጥብ በታች ከወረደ ጤዛ ይይዛል፤ ነጥቡም መሬቱም ከዜሮ በታች ከሆኑ ጤዛው ውሃ ሳይሆን አመዳይ ሆኖ ይቀመጣል።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ሙቀቱና የጤዛ ነጥቡ ከተጠጋጉ፣ ለምሳሌ 2 እና 1 ከሆኑ፣ አየሩ እርጥበት ጠግቧል፤ እርጥብ መንገድ አይደርቅም፣ ጉምም ሊኖር ይችላል። በሰፊው ከተራራቁ፣ ለምሳሌ 2 እና −6 ከሆኑ፣ ነፋስም ካለ፣ መንገዱ ከመጋገሩ በፊት የመድረቅ ዕድል አለው። ደመና ብርድ ልብስ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የተሸፈነ ሰማይ የመሬቱን ሙቀት አፍኖ ይይዛል፣ የመሬቱና የአየሩ ልዩነትም ይጠባል። ነፋስም ላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ወደ ታች ያማስለዋል። ክፉው ሌሊት እንግዲህ ደመና የሌለበት፣ ነፋስ የሌለበት፣ ቀድሞ የረጠበ ሌሊት ነው።

አንድ ማታ ከሠንጠረዡ የገለበጥኩትን ልጻፈው፦

ከሰዓት 10 ሰዓት፦ 4 ዲግሪ፣ ቀላል ዝናብ፣ ደመና 100%።
ከምሽቱ 2 ሰዓት፦ 3 ዲግሪ፣ ዝናቡ ቆመ፣ ደመና 80%፣ የጤዛ ነጥብ 2።
ከሌሊቱ 5 ሰዓት፦ 2 ዲግሪ፣ ደመና 20%፣ ነፋስ በሰዓት 5 ኪ.ሜ.፣ የጤዛ ነጥብ 1።
ከሌሊቱ 11 ሰዓት፦ 0 ዲግሪ፣ ደመና 0%፣ ነፋስ 3 ኪ.ሜ.፣ የጤዛ ነጥብ −1።
ከጠዋቱ 1 ሰዓት፦ 1 ዲግሪ፣ ፀሐያማ።

የመጨረሻውን መስመር ብቻ ያየ ሰው ቀለል ያለ ጃኬት ይለብሳል። ከላይ ወደ ታች ላነበበው ግን ታሪኩ ሌላ ነው፦ መሬቱ ረጠበ፣ የሚያደርቀው ነፋስ አልመጣም፣ የጤዛው ነጥብ ከሙቀቱ ጋር ተጣብቆ አደረ፣ ብርድ ልብሱ ተገፈፈ። የመንገዱ ገጽ ከዜሮ ሦስት ዲግሪ ያህል ቢወርድ አይገርመኝም። በዚያ ቀን ፀሐይ የምታገኘው ሰፊው መንገድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ደርቆ ነበር፤ በግንብ ጥላ ሥር ያለው ግን እስከ እኩለ ቀን አብረቅርቋል።

ጨው ከተበተነስ? ይረዳል፣ ግን ሁሉን አይፈታም። ተራው የመንገድ ጨው ከ−9 ገደማ በታች ሥራው በጣም ይዘገያል። ደግሞም ጨው የሚጭነው መኪና መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትልልቁ ጎዳና ነው፤ የብስክሌት መስመሩ ተራ ዘግይቶ ይደርሳል፣ አንዳንዴም የጎዳናው ስኖው ተጠርጎ የሚከመረው እዚያው መስመር ላይ ነው። ለየት ያለችው የፊንላንዷ ከተማ ኦውሉ ናት፤ እዚያ የብስክሌት መንገዱን ቅድሚያ ሰጥተው ይጠርጋሉ፣ እስከ አስፋልቱ ሳይገፍፉም የተጠቀጠቀ ስኖው ይተዋሉ። ብርዱ ጠንከር ብሎ ሳይዋዥቅ ከሰነበተ የተጠቀጠቀ ስኖው ጎማ ይይዛል፤ ዜሮ ላይ እየቀለጠ የሚጋገር ውሃ ግን ማንንም አይምርም።

4. ምን ይወርዳል? ስንት? መቼ?

መቶኛው ብዙ ሰው ያሳስታል። "ዝናብ 30%" ማለት ከቀኑ ሲሶው ይዘንባል ማለት አይደለም፣ ከከተማው ሲሶው ይረጥባል ማለትም አይደለም። ይህን የመሰሉ አሥር ቀናት ቢኖሩ እናንተ ባላችሁበት ቦታ ሦስቱ ቀን ቢያንስ ጥቂት ጠብታ ይወርዳል ማለት ነው። ብዛቱን አይነግርም። ብዛቱን የሚነግረው የሚሊ ሜትሩ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ ሁለቱን አብራችሁ አንብቡ። 80% ሆኖ 0.2 ሚ.ሜ. ከሆነ ካፊያ ነው፤ 30% ሆኖ 6 ሚ.ሜ. ከሆነ ምናልባት አይመጣ ይሆናል፣ ከመጣ ግን ካልሲ ድረስ ይዘልቃል።

ስኖው ከሆነ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በግምት አንድ ሴንቲ ሜትር ስኖው ይሆናል። ዜሮ አካባቢ የሚወርደው እርጥብና ከባድ ስለሆነ ከዚያ ያንሳል፤ በኃይለኛ ብርድ የሚወርደው ደረቅና ቀላል ስለሆነ እስከ እጥፍ ድረስ ይቆለላል። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ትኩስ ስኖው በእርጋታ ይነዳበታል። ከዚያ በላይ ሲሆን ፔዳሉ እየከበደ ይመጣል፣ ጊዜ ጨምሩ። ከትኩሱ ስኖው ይልቅ የሚያስፈራኝ በማግስቱ ያለው ነው፤ መኪና ረግጦት፣ ቀን ቀልጦ፣ ሌሊት ጠጥሮ፣ የጎማ ቦይ የተቀረጸበት። ቦይ ውስጥ የገባ የፊት ጎማ በፈለጋችሁበት አይታጠፍም።

ትንበያው ላይ "የሚጋገር ዝናብ" ወይም ያንን የሚመስል ቃል ካያችሁ እዚያ ላይ ንባቡ ያበቃል። ላይ ሞቃት አየር፣ ታች ቀዝቃዛ አየር ሲኖር ጠብታው ፈሳሽ እንደሆነ ይወርድና የነካው ነገር ላይ ወዲያው ይጋገራል። መንገዱ፣ የፍሬኑ እጀታ፣ መነጽሩ፣ ሁሉም በመስታወት ይለበጣል። ጎማችሁ ምንም ዓይነት ቢሆን አትውጡ፤ እናንተ ብትቆሙ እንኳ ከኋላ ያለው መኪና መቆም አይችልም።

5. ነፋስ

መጀመሪያ መለኪያው ምን እንደሆነ እዩ። አንዱ ገጽ በሴኮንድ ሜትር፣ ሌላው በሰዓት ኪሎ ሜትር፣ ሌላው በማይል ይጽፋል። የሴኮንድ ሜትሩን በ3.6 አባዙት፤ 10 የሚለው ትንሽ ቁጥር 36 ኪ.ሜ. ሆኖ ይወጣል፣ ያ ደግሞ ትንሽ አይደለም። "የምዕራብ ነፋስ" ማለት ከምዕራብ የሚመጣ ነው፤ አፖች ላይ የሚታየው ቀስት ግን ብዙ ጊዜ ወደሚሄድበት ይጠቁማል። የናንተው አፕ የቱን እንደሚያሳይ አንድ ነፋሻ ቀን ደጅ ወጥታችሁ አረጋግጡ።

በአማካዩ ፍጥነት ብቻ አትመኑ፤ ጎን ለጎኑ የሚጻፈውን ድንገተኛ ምት፣ ብዙዎች ገስት የሚሉትን፣ ተመልከቱ። አማካዩ 25 ሆኖ ምቱ 55 ከሆነ፣ ከሁለት ሕንፃ መሃል ስትወጡ ከጎን የሚመታችሁ 55ቱ ነው። በደረቅ መንገድ አንድ ክንድ ያህል ይገፋችኋል፣ ታስተካክላላችሁ። በግግር ላይ ግን ለማስተካከል መሪውን የምታዞሩባት ያቺ ቅጽበት ናት የምትጥላችሁ።

"የሚሰማ ሙቀት" የሚባለው ቁጥር ለልብስ ነው፣ ለመንገድ አይደለም። ነፋስ ቆዳችንን በፍጥነት ያቀዘቅዘዋል እንጂ ውሃን ከአየሩ ሙቀት በታች ወስዶ አያጋግርም። አየሩ +3 ሆኖ "የሚሰማው −3" ስለተባለ ብቻ መንገዱ አይጋገርም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካና ካናዳ አብረው ያሻሻሉት ቀመር የሚያስበው በእግሩ የሚሄድ ሰው ፊት ላይ ያለውን ብርድ ነው። በዚያ ቀመር አየሩ −5 ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 20 ኪ.ሜ. ከሆነ −12 ያህል ይሰማል፤ −10 ከሆነ ደግሞ −18። ብስክሌተኛ ነፋሱን ራሱ ስለሚሠራ፣ ቅጠል በማይንቀሳቀስበት ቀን እንኳ በ20 ኪ.ሜ. ፍጥነት ስትነዱ ፊታችሁ ላይ የ20 ኪ.ሜ. ነፋስ አለ። ትንበያው ከሚለው በላይ ይበርዳችኋል ማለት ነው፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ይብሳል። የሚሰማው ቁጥር ወደ −28 ከወረደ ያልተሸፈነ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ በብርድ ሊሞት ይችላል። አፍንጫና ጆሮ፣ የጣት ጫፍ፣ እነዚህን ሸፍኑ።

6. ጠዋት አምስት ደቂቃ

የማታው ንባብ አድሮበታል። ትልልቆቹ ሞዴሎች በቀን አራት ጊዜ ያህል እንደ አዲስ ስለሚሰሉ ጠዋት የምታዩት ከማታው ሊለይ ይችላል፤ የተለየ ነገር ካለ ብቻ አንብቡ። ከዚያ ራዳሩን፣ ማለትም አሁን የት እንደሚዘንብ የሚያሳየውን ካርታ፣ ክፈቱ፣ ያለፈውን አንድ ሰዓት አጫውቱና ደመናው ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ለሚቀጥለው አንድ ሰዓት ከራዳር የሚበልጥ የለም፤ ለሦስት አራት ሰዓት ግን አትመኑት። ራዳር ዝቅ ብሎ የሚወርድ ካፊያንና ቀጭን ስኖውን ሊስት ስለሚችል፣ ማያ ገጹ ባዶ ሆኖ መስኮቱ ላይ ጠብታ ካለ መስኮቱን እመኑ።

ቀጥሎ በር ላይ ውጡ፤ በካልሲ ሳይሆን በምትነዱበት ጫማ። መሬቱን በሶላችሁ ፈተግ ፈተግ አድርጉት። የቆሙ መኪኖች መስታወት ላይ አመዳይ ካለ ሌሊቱ ጥርት ያለ ነበር ማለት ነው፤ መንገዱ ባይጋገር እንኳ ድልድዩ ተጠርጣሪ ነው። ጆሯችሁንም ስጡ። እርጥብ በሚመስል መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ ጎማው ሽሽሽ ካላለና ውሃ ካልረጨ፣ ያ ውሃ አይደለም፣ ግግር ነው።

የጎማ አየርም በዚሁ ይታይ። ቤት ውስጥ በ20 ዲግሪ 4 ባር የሞላችሁት ጎማ ውጭ −5 ላይ 0.4 ባር ያህል ይወርዳል። ተንሸራታች መንገድ ላይ ለስለስ ማለቱ ጉዳት የለውም፣ ግን ሳታውቁት አይሁን። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ያላችሁ ባትሪውን ቤት ውስጥ አሳድሩ፤ በብርድ የሚወስደው ርቀት ያጥራል፣ ከዜሮ በታች እያለ ቻርጅ ማድረግም ሊቲየም ባትሪን ይጎዳዋል።

7. የመመለሻው ሰዓት

ጠዋት ሁሉም ሰው ያያል፤ ወድቀው ያየኋቸው ጓደኞቼ አብዛኞቹ ግን የወደቁት ማታ ሲመለሱ ነው። ቀን የቀለጠው ፀሐይ እንደገባች መጋገር ይጀምራል፣ ጨለማ ነው፣ ሰውም ደክሟል። ስለዚህ ጠዋቱን ስታነቡ የምትመለሱበትን ሰዓት ዓምድም አብራችሁ አንብቡ። ሥራ ላይ ከማምሸት የሚመጣውንም አስቡ፦ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ +1 የነበረው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ −1 ከሆነ፣ ሁለት ሰዓት ማምሸት እርጥብ መንገድን ወደ ግግር ይለውጠዋል። እንዲህ ያለ ቀን ሲገጥመኝ ወይ በጊዜ እወጣለሁ፣ ወይ ብስክሌቱን እዚያው አስሬ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። ለዚህ ብዬ ጥሩ ቁልፍ ገዝቻለሁ።

8. ወስኑ

ውሳኔውን ጠዋት በር ላይ ቆማችሁ አትፍጠሩት፤ ሰው ዘግይቶ ሲቸኩል ለራሱ የሚነግረው ነገር አይጠፋም። ልካችሁን አስቀድማችሁ ጻፉት። የእኔ እንዲህ ነው፤ የናንተ ይለያል።

ደረቅ መንገድ ከሆነ፣ −12 ቢሆንም እነዳለሁ፤ ጉዳዩ የልብስ ነው። እርጥብ ሆኖ ሙቀቱ በ−3 እና በ+3 መካከል ከሆነ፣ ጥቃቅን የብረት ጥርስ ያለው ጎማ ባለበት ብስክሌት፣ ድልድዩን ትቼ በሚዞረው ሰፊ መንገድ፣ ሩብ ሰዓት ቀድሜ። የነፋሱ ምት በሰዓት ከ60 ኪ.ሜ. ካለፈ፣ የሚጋገር ዝናብ ከተባለ፣ ወይም ማስጠንቀቂያው ብርቱካናማ ከሆነ፣ አልነዳም። የብረት ጥርሱ ግግር ላይ በእውነት ይይዛል፤ አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ ይጎትታልም። አንድ ብስክሌት ብቻ ያለው ሰው በየቀኑ ጎማ አይቀይርም፤ እኔ ብርዱ ሲገባ ጭኜ ብርዱ ሲወጣ አወርደዋለሁ። ለአንድ ብቻ አቅም ያለው ከፊት ያድርገው፤ የኋላ ጎማ ሲያንሸራትት ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ የፊቱ ግን ሲሄድ እናንተን ይዞ ነው የሚሄደው።

ሳታስቡት ግግር ላይ ከገባችሁ ፍሬን አትያዙ፣ መሪ አታዙሩ፣ ፔዳል መምታት አቁሙ፤ ቀጥ ብላችሁ እለፉት።

9. ደብተር

ይህን የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው፣ ግን ለሁለት ሳምንት ሞክሩት። በየማለዳው አንድ መስመር፦ ትንበያው ያለው ሙቀትና የጤዛ ነጥብ፣ ሌሊቱ ደመናማ ነበር ወይስ ጥርት ያለ፣ ትናንት መሬቱ ረጥቦ ነበር ወይ፣ ከዚያ መንገድ ላይ ያገኛችሁት። የአፑ ቁጥር ከእናንተ ሰፈር በስንት እንደሚለይ፣ የትኛው ጠመዝማዛ ቀድሞ እንደሚጋገር፣ የትኛው ጥላ ሥር ያለ መንገድ እስከ ስንት ሰዓት እንደማይቀልጥ ከደብተሩ በቀር የሚነግራችሁ የለም። የእኔዋ ድልድይ ቁጥሯ 3 ሆኖ ተገኘ፦ ስልኩ 3 ወይም ከዚያ በታች ካለና ሌሊቱ ጥርት ብሎ ካደረ፣ ወርጄ ብስክሌቱን እየገፋሁ ነው የማልፋት።